ስለ መንገድ መድን፤ ዋጋውና ወሰኑ

ከአንኮበር ተነሥቶ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ፤ የደጋውን ብርድ ከኋላው ትቶ ወደ ቆላው ሙቀት ሲገባ አሊዩ አምባን ያገኛል። አሊዩ አምባ ዛሬ በሰሜን ሸዋ በአንኮበር ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከ180 ዓመት በፊት ግን የሸዋ መንግሥት ትልቁ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከዘይላ ጠረፍ የሚመጣው፤ ከሐረርም የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፈው በዚችው ስፍራ ነበረ። ዐርብ ዐርብ በሚቆመው ገበያዋም የደጋው ሰው እህሉን፤ አፋሩ አሞሌ ጨውን፤ አርጎባው የሸመነውን ጨርቅ፤ የሐረሩ ነጋዴም ከባሕር ማዶ የመጣውን ሸቀጥ ይዞ ይገናኝ ነበረ። ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጥበት ዘመን ስለ ነበረም፤ የባሪያ ንግድ በአቅራቢያዋ ይካሄድ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም።

ከጠረፍ እስከዚች ገበያ ያለው መንገድ በረሀ ነው። የውሃ ማጣት፤ የግመል መውደቅ፤ የወንበዴ ማድባት ሁሉ አለበት። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለመድረስ ከታጁራ ተነሥቶ ሲመጣ፤ ወታደርና ጠመንጃ አስከትሎ ሳለ፤ ከተከታዮቹ 3 ሰዎች በአንድ ሌሊት በተኙበት ተገደሉ። በሚከተለው ዓመት በዚያው መንገድ የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ ታሞ በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ነበረና፤ የከተማዪቱን ኑሮና ገበያዋን በመጽሐፉ ጽፎ አስቀርቷል። የመንግሥት መልእክተኛ እንዲህ ከሆነ፤ ተራው ነጋዴ ምን ያህል ይሠጋ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ነጋዴው ግን ሥጋቱን ይዞ ዝም ብሎ አይሄድም ነበረ። አስቀድሞ መንገዱንና ባላገሩን ከሚያውቅ የሲራራ አለቃ ጋራ ይዋዋላል፤ ይህን አለቃ በዐረቦቹ ቋንቋ ራስ አል ቃፊላ ይሉታል። ለሚያልፍበት አገር ባላባት የሚገባውን ይከፍላል። ብቻውን ከመጓዝ ይልቅ ከብዙዎች ጋራ ይጓዛል፤ ሀብቱንም በአንድ ግመል ላይ አይጭንም። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ምንም ሳይደርስበት በደኅና አሊዩ አምባ ቢገባ፤ አደጋ ስላላገኘኝ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ የሲራራውን አለቃ አይከስም። የገዛው የሚዳሰስ ዕቃ ሳይሆን የአንድ ጉዞ ጸጥታ መሆኑን ያውቅ ነበረና ነው።

ይህን የጥንቱ ነጋዴ አጥርቶ ያወቀውን ነገር ዛሬ መኪና የገዛው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ለኢንሹራንስ ኩባንያ በየዓመቱ የሚከፈለው ገንዘብ አረቦን ይባላል። ቃሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ በግእዙ ይገኛል፤ ትርጓሜውም መያዣ፤ ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ የሚሰጥ ምልክት ማለት ነው። አሳሳቹም ይኸው ነው። መያዣ የተባለው ነገር ኋላ ለባለቤቱ የሚመለስ ወይም በዋጋው ላይ የሚታሰብ ስለሆነ፤ ዓመቱን ሙሉ ያለ አደጋ የነዳ ሰው “ኩባንያው ገንዘቤን በላብኝ” እያለ ሲያማርር ይሰማል። የመድን አረቦን ግን አይመለስም። የብዙ ሰዎች አረቦን በአንድ ሣጥን ተከማችቶ፤ በዚያ ዓመት አደጋ ለደረሰባቸው ጥቂቶች ይከፈላል፤ የተረፈውም ለኩባንያው ሥራና ትርፍ ይሆናል። እድርተኛ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በቤቱ ሰው አልሞተበትምና የወር መዋጮዬን መልሱልኝ የሚል እድርተኛ የለምና።

ሥራው ወደ አገራችን የገባው ከባንክ ጋራ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ኢንሹራንስ ያስገባ ነበረ። በአገር ውስጥ የተቋቋመው የመጀመሪያው ኩባንያ የኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ ሲሆን፤ የተመሠረተውም በ1940ዎቹ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ሁሉ በመንግሥት ተወርሰው በኋላ በአንድ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተጠቃለሉ። ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቅደው፤ በብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪነት ብዙ ሆነው ይሠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መምጣት ይገባል። ይኸውም ባለመኪናው በአረቦኑ ምን እንደ ገዛ ነው።

በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሦስተኛ ወገን ይባላል። ተዋዋዮቹ ሁለት ናቸው፤ ባለመኪናውና ኩባንያው። ሦስተኛው በውሉ ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ፤ ነገር ግን በመኪናው ሊጎዳ የሚችል ሰው ነው። ወረቀቱ የሚጠብቀው ይህን ሰው እንጂ ባለመኪናውን፤ መኪናውንም፤ ጭነቱንም አይደለም። ይህን አለማወቅ ብዙ ቤት አፍርሷል። መኪናው ከተጋጨ በኋላ ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ ወደ ኩባንያው ቢሄድ፤ “ለገጨኸው ሰው እንከፍላለን፤ ለመኪናህ ግን የገባኸው ውል የለም” የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ ቢያስመርርም ትክክል ነው።

መንግሥት ይህን መድን ግዴታ ያደረገበት ምክንያት ከባድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው አንቀጽ፤ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ ነው ይላል። መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም ኀላፊነቱ ከባለቤቱ አይወርድም። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ስለሚወጋ በሬ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ሥሩን ያገኘዋል። ልዩነቱ ኦሪት በሬው ቀድሞ ተዋጊ መሆኑን ባለቤቱ ያውቅ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለይታ ስትፈርድ፤ የዛሬው ሕግ ግን መኪናን ሁሉ ከመጀመሪያው ተዋጊ መሆኑ እንደ ታወቀ በሬ መቁጠሩ ነው። ሁለት መኪናዎች በተጋጩ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በስተቀር፤ ለአደጋው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል። በመንገድ ላይ ቆሞ “ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ የእኔ አይደለም” እያሉ መጯጯኽ እንግዲህ ትርፉ ድካም ነው፤ ነገሩን የሚለየው የትራፊክ ፖሊስ ፕላንና ማስረጃ ነው።

እንዲህ ያለ ከባድ ኀላፊነት በድኻ ባለመኪና ላይ ቢወድቅ ለተጎጂው የሚተርፈው ፍርድ በወረቀት ላይ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም.፤ ኋላም ተሻሽሎ በ2005 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ፤ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ተከለከለ። አዋጁ በመጀመሪያ ሲወጣ የመድኑ ልክ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብርም የማይበልጥ፤ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፤ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበረ። ከዚያ ወዲህ ኑሮ ተወድዶ 40,000 ብር የአንድ የሰባ በሬ ዋጋ እንኳ መሙላት አቃተው። ለሰው ነፍስ የተወሰነው ካሣ ከበሬ ዋጋ በታች ሲወርድ ሕጉ ራሱ ያፍራል። ልኩን በደንብ የማሻሻል ሥልጣን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት በመሰጠቱም ኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል። አንባቢ ከማናቸውም ሰው ስለ ካሣ ልክ ቁጥር ሲሰማ፤ የየትኛው ዓመት ቁጥር መሆኑን መጠየቅ ይገባዋል፤ የድሮውን ቁጥር ይዘው ተጎጂን የሚያስፈርሙ ሰዎች አይጠፉምና።

ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የመድኑ ልክ የባለመኪናው ኀላፊነት ልክ አይደለም። ኩባንያው የሚከፍለው እስከ ተወሰነው ገንዘብ ድረስ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጉዳቱን መዝኖ ከዚያ በላይ ካሣ የፈረደ እንደ ሆነ፤ የተረፈው ከባለመኪናው ቤት፤ ከበሬውና ከመሬቱ ኪራይ፤ ከደመወዙም ይወጣል። ስለዚህ ለብዙ ሕዝብ ማመላለሻ ወይም ለከባድ ጭነት የሚሠራ መኪና ያለው ሰው፤ ከግዴታው በላይ የሆነ ተጨማሪ የኀላፊነት መድን ኩባንያው ይሸጥ እንደ ሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። የዚህ ተጨማሪ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ነው።

አዋጁ ከሠራቸው መልካም ነገሮች ሁለቱን መጥቀስ ይገባል። አንደኛው የአስቸኳይ ሕክምና ነው። በመኪና የተጎዳ ማናቸውም ሰው፤ ማን ይከፍላል ተብሎ ሳይጠየቅ፤ አዋጁ በወጣ ጊዜ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና በቅርብ ከሚገኝ ሐኪም ቤት እንዲያገኝ ተደነገገ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘውን ሰው ሳምራዊው ወደ እንግዳ ማረፊያ ወስዶ ዋስ የሆነለት በዚሁ ዓይነት ነበረ። ሳምራዊው ግን ለወጪው ወሰን አላበጀም፤ አዋጁ አበጀ። ሁለተኛው የመድን ፈንድ ነው። ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ መኪና፤ ወይም መድን በሌለው መኪና የሞተና አካሉ የጎደለ ሰው ካሣ ሳያገኝ እንዳይቀር፤ ሌሎች ባለመኪናዎች ከሚከፍሉት አረቦን እየተቆረጠ የሚጠራቀም ገንዘብ ነው። በሌሊት በሸዋ ሮቢት ጎዳና ላይ ተገጭቶ የተገኘ እረኛ ገጪው ስላልታወቀ ዘመዶቹ አልቅሰው ቀብረውት ዝም ቢሉ፤ ዝምታው ካለማወቅ የመጣ ነው። ይህን ነገር ለሕዝቡ ከማንም ይልቅ ሊያስታውቁ የሚችሉት የቀበሌ ሹማምንትና፤ በለቅሶው ቦታ ሁሉ የሚገኙት ካህናትና ሼሆች ናቸው።

በይፋት ቆላ የሚኖር ሰው ከመኪና የሚያገኘው ጥቅም ብዙ ነው። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፤ የአዲስ አበባውም ሸቀጥ በዚያው ይመለሳል። መንገዱ ግን ከ225 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ርቀት ውስጥ አገሩን ሁሉ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያወርድ ነው። ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የፈለፈሉትን የጣርማ በር ዋሻ እንዳለፈ መኪናው በገደሉ አፋፍ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም በአርማንያ አልፎ ሮቢት ሜዳ ይደርሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ 1,300 ሜትር ወደሚያህለው ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ ጉምና ዝናብም አለበት።

እንግዲህ አንድ ሰው በብድር አይሱዙ ገዝቶ የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ አስገብቶ፤ ሸቀጥ ጭኖ ከደብረ ሲና በታች ፍሬኑ እምቢ አለው እንበል። መኪናው አንድ ባጃጅ ገጭቶ፤ የሰው ቤት ግድግዳ አፍርሶ ተገለበጠ። ለባጃጁና ለግድግዳው፤ በተሳፋሪው ላይ ለደረሰውም ጉዳት ኩባንያው እስከ ልኩ ይከፍላል። ለአይሱዙው አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ለተበተነውም ሸቀጥ አይከፍልም፤ ዕቃው በጉዞ ላይ ሳለ የሚጠብቀው የጭነት መድን ለብቻው የሚገባ ውል ነውና። ለሹፌሩና ለረዳቱ ጉዳትም እንዲሁ ሌላ የሠራተኛ መድን ያሻል። የባንኩ ዕዳ ግን በየወሩ መቁጠሩን አይተውም። አንድ ወረቀት በመስታወቱ ላይ ስለ ተለጠፈ ሁሉ ነገር ዋስ አለው ብሎ ያሰበው ሰው በዚያች ቀን አራት የተለያዩ መድኖች እንዳሉ ይማራል።

የራሱን መኪና ጭምር የሚያስጠብቀው ውል ሙሉ ሽፋን ይባላል። ግጭትን፤ መገልበጥን፤ እሳትንና ስርቆትን ያጠቃልላል። ዋጋውም የሚታሰበው ከመኪናው ግምት ከመቶ ይህን ያህል ተብሎ ሲሆን፤ የመኪናው ዕድሜ፤ የሚሠራው ሥራ፤ የሚነዳበት አገር፤ ከዚህ በፊት የደረሰበትም አደጋ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ለቤት አገልግሎት የሚነዳ መኪና ለኪራይ ከሚሠራው ያነሰ ይከፍላል። ዓመቱን ካሣ ሳይጠይቅ የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቅናሽ ያገኛል፤ ስለዚህም ለትንሽ ጭረት ሁሉ ወደ ኩባንያው መሮጥ የማያዋጣ ጊዜ አለ። ከእያንዳንዱም አደጋ የመጀመሪያውን ጥቂት ገንዘብ ባለመኪናው ራሱ ይችላል፤ ይህን ድርሻ ከፍ አድርጎ ለመቻል የተስማማ ሰው አረቦኑ ይቀንስለታል። ያረጀ ዕቃ በአዲስ ሲተካም ኩባንያው የእርጅናውን ዋጋ የሚቀንስበት ውል አለ። ይህ ሁሉ በፖሊሲው ተጽፏል፤ የሚነበበው ግን ከአደጋው በኋላ ነው።

ዛሬ ባለመኪናዎችን ሁሉ ይልቁንም የመሥሪያ ቤት ንብረት ሹሞችን ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የመኪናው ግምት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ያለው የመድን ክፍል አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ አልተሻረም፤ ዛሬም ይሠራበታል። ይህ ሕግ መድን ማትረፊያ እንዳይሆን ከልክሏል፤ ማንም ሰው ንብረቱ አደጋ በደረሰበት ቀን ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ካሣ አይቀበልም። በዚያው አንጻር ግን ንብረቱን ከዋጋው አሳንሶ ያስገመተ ሰው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፤ ለጎደለው መጠን ራሱ የራሱ ዋስ እንደ ሆነ ይቆጠራል፤ ካሣውም በዚያው ልክ ይቀነስበታል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ መኪና በገበያ 3,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ሳለ፤ ባለቤቱ አረቦኑ እንዲቀንስለት ብሎ ወይም የድሮ ዋጋውን ይዞ በ1,500,000 ብር አስገመተው እንበል። ኋላ በአደጋ የ400,000 ብር ጉዳት ደረሰ። ባለቤቱ 400,000 ብር ከ1,500,000 ያነሰ ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ ብሎ ያስባል። ኩባንያው ግን እንዲህ ይላል፤ “አንተ መኪናህን ያስገባኸው በግማሽ ዋጋው ነው፤ ስለዚህ የጉዳቱን ግማሽ 200,000 ብር እከፍላለሁ።” ባለቤቱ ራሱ ሊችለው የተዋዋለው ድርሻ 20,000 ብር ከሆነ ደግሞ እጁ የሚገባው 180,000 ብር ብቻ ነው። የቀረውን 220,000 ብር ከኪሱ ይሞላል። መኪናው ፈጽሞ የጠፋ እንደ ሆነም ከ1,500,000 ብር በላይ አያገኝም፤ በዚያ ገንዘብ የሚገዛውም ግማሽ መኪና ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፤ በዶላር የሚገባው የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ በብር ሲታይ እጅግ ከፍ ብሏል። በዚያ ዓመት መድን ገብቶ፤ ግምቱን ሳይለውጥ በየዓመቱ የሚያሳድስ ሰው እንግዲህ ሳያውቀው የግማሽ ወይም የሲሶ ዋስ ሆኖ ይነዳል። በመሥሪያ ቤት ይህ የበለጠ ይደርሳል። የንብረት ሹሙ ግምቱን የሚወስደው መኪናው ከተገዛበት የመዝገብ ዋጋ ላይ፤ አንዳንዴም የእርጅና ቅናሽ ከወጣለት በኋላ ነው። ለሒሳብ መዝገብ ይህ ልክ ነው፤ ለመድን ግን ስሕተት ነው። ኩባንያው የሚጠይቀው ዛሬ ተመሳሳይ መኪና በገበያ ስንት ያወጣል የሚለውን ነው። በሀገረ ስብከት ስም ያለ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ምእመናን ያዋጡት ገንዘብ በሰነፍ ግምት እንዳይባክን የሚመለከተው ሰው ውሉ በሚታደስበት ወር የገበያውን ዋጋ አጣርቶ ያስመዝግብ። አረቦኑ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ያነሰ አረቦን ከፍሎ ያነሰ ነገር መግዛትን ቁጠባ የሚል ሰው አስቦ አልተናገረም።

ከሙሉ ሽፋንም ውጭ የሚቀሩ ነገሮች አሉ። የመንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም የያዘው ፈቃድ ለዚያ ዓይነት መኪና የማይበቃ ሰው ሲነዳ፤ ከተፈቀደው በላይ ሲጫን፤ ለቤት አገልግሎት ተብሎ መድን የገባው መኪና በኪራይ ሰው ሲያመላልስ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ለመኪናው ካሣ አልከፍልም የሚልበት ውል የተለመደ ነው። የመኪና ጌታ ሹፌሩ ታሞ ረዳቱን “እስከ ገበያው ድረስ ብቻ ውሰዳት” ያለባት አንዲት ቀን የዓመቱን አረቦን ከንቱ ልታደርገው ትችላለች።

ለይፋት ሰው ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ጦርነትና ሁከት ነው። በተለመደው ውል በጦርነት፤ በሕዝብ ሁከትና በብጥብጥ የደረሰ ጉዳት አይካተትም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ ከተማ ብዙ ቤትና ንብረት በእሳት ሲጠፋ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ፤ ይህ የውል ቃል ለአገሩ ሰው የወረቀት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ታየ። ለሁከትና ለብጥብጥ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን በልዩ ክፍያ የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ። ዋጋው እንደ አገሩ ጸጥታ ይለዋወጣል፤ ጸጥታው በጠፋ ጊዜም ጨርሶ አይገኝም። መግዣው ጊዜ አገሩ ጸጥ ያለ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ማንም አያስበውም።

መኪና የሌለው መንገደኛም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። የንግድ ሕጉ አጓጓዡ ተሳፋሪውን በደኅና እንዲያደርስ ያስገድደዋል፤ ስለዚህ ቲኬት መቀበልና መያዝ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም፤ የውሉ ማስረጃ እርሱ ነውና። በአንጻሩ በነጻ ለዘመድነት ወይም ለምጽዋት የተጫነ ሰው፤ ባለመኪናው ጥፋት ካለበት በስተቀር በሕጉ ካሣ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው።

ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሹፌር የጥንቱ ሲራራ ልጅ ነው ቢባል ይሆናል። የቀድሞው ግመል ከአሊዩ አምባ ተነሥቶ ወደ ታጁራ ሲጓዝ በየባላባቱ አገር ለየብቻ ይከፍል ነበረ። የዛሬው ከባድ መኪና ግን ከአገሩ ሳይወጣ ቢጫ ካርድ የሚባል አንድ ወረቀት ይይዛል። ይህ በ1979 ዓ.ም. በተፈረመ ፕሮቶኮል የተቋቋመ፤ ዛሬ የኮሜሳ አገሮች የሚሠሩበት የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ኢትዮጵያዊ ሹፌር በጅቡቲ ወይም በኬንያ ሰው ቢገጭ፤ የዚያው አገር ቢሮ በዚያው አገር ሕግ መሠረት ለተጎጂው ይከፍልና ሒሳቡን ከኢትዮጵያው ኩባንያ ይቀበላል። ቢጫ ካርዱም ቢሆን ለሹፌሩ መኪና ስብራትና ለጭነቱ አይከፍልም።

ወደ አውሮፓ ለስብሰባ ወይም ለሕክምና የሚሄድ ሹም ደግሞ ለሸንገን ቪዛ የጉዞ መድን ይጠየቃል። ልኩ ከ30,000 ዩሮ እንዳያንስ፤ ድንገተኛ ሕክምናን፤ በሞትም ቢሆን ወደ አገር መመለስን እንዲሸፍን፤ የቆይታውንም ቀን ሁሉ እንዲያጠቃልል ታዟል። ብዙዎች ለቪዛው ሲሉ ብቻ ርካሹን ገዝተው ወረቀቱን በሻንጣ ይከታሉ። አስቀድሞ የነበረ ሕመም ሳይናገሩ የገቡት ውል ግን በታመሙበት አገር ሊከዳቸው ይችላል። ወደ ኢየሩሳሌም ለሚሳለሙና ወደ መካ ለሚጓዙ ሽማግሌዎች ይህ ይልቁንም ያሻል፤ ብዙዎቹ ስኳርና የደም ብዛት ያለባቸው ናቸውና።

አደጋ የደረሰበት ሰው አስቀድሞ የተጎዳውን ያንሣ፤ ከዚያም መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ለትራፊክ ፖሊስ ያስታውቅ፤ ፖሊሲው በሚያዘው ቀን ውስጥም ለኩባንያው በጽሑፍ ያመልክት። ኩባንያው ሳያየው መኪናውን ማስጠገን፤ ከኩባንያውም ሳይማከሩ በሽማግሌ ፊት ጥፋትን አምኖ መታረቅ ካሣውን ያሰናክላል። በይፋት ሽምግልናና የደም ካሣ የተከበረ ልማድ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ዕርቁ ደምን ለማድረቅ ይጠቅማል፤ በዕርቁ የተቆረጠውን ገንዘብ ግን ኩባንያው እንዲቀበል አያስገድደውም። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት የኩባንያው ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ሁለቱንም ያስማማል። ክርክር የተነሣ እንደ ሆነም፤ ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።